ጋዜጣ በጫማ ውስጥ

ባሕር ኃይል ተባልኩኝ፣ ባሕር ሳላይ ገና፤
በቮልጋ ላይ ፈንጂ ልጠርግ ሄድኩኝና
የወንድ ጫማ ሰጡኝ፤ ጋዜጣ ጠቅጥቄ፣
የግንባሩን ዜና ከእግሬ ሥር ደብቄ
ቆምኩ። ከሉኬሪያ ጋር ገመድ እንስባለን፤
መዳፋችን ሲላጥ ግራሶ እንቀባለን።

አንድ ቀን ፈነዳ፤ ወንዙ በእግሩ ቆመ፤
ዓሣ ዘነበብን፤ ጆሯችን ታተመ።
የካፒቶሊና ከንፈር «ሾርባ!» ሲል አየሁት።

ዞር ስል፣ የዚናይዳ ጀልባ የለችም።
ቆብ ብቻ፣ ሳይቸኩል፣
ወደ ካስፒያን ይወርዳል።

ማታ ሾርባውን በላን፤ አልበላንም አልልም።
ጨው አልቆብን ነበር፤
ማንም ግን ጨው አነሰው አላለም።

ጠዋት አዲስ ጋዜጣ መጣ፤
«ወንዙ ጸድቷል» ይላል።
አጥፌ፣ ጫማዬ ውስጥ ከትቼ፣
ረገጥኩት።