የሩቅ እማኝ

መሐል ሜዳ፣ ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ውርጩ መስኮቱን ነክሶ፣
የሺሐረግ ገባች ልጇን አቅፋ፣ ባናው በአመዳይ ርሶ።
መለኪያውን ጣቱ ላይ ሰካሁ፤ ቀይ ቁጥር በራ፤ ሰማንያ ስምንት።
መመሪያው ግልጽ ነው፤ ገጹ ላይ አዮዲን የደረቀበት፦
«ከዘጠና በታች ከሆነ ኦክስጅን ስጥ።»
ከጎኑ በደቃቅ ፊደል፣ ማንም በማያየው ቅንፍ ውስጥ፣
«ምክሩ ጠንካራ። ማስረጃው እጅግ ደካማ።»

አባቴ የወሰን ሙግት ሲዳኝ ነው ያደግሁት፤
እማኝ ሲቆም አስቀድሞ «የት ነበርክ?» ይለዋል፤
«አይተሃል? ሰምተሃል? ወይስ የሰማ ነገረህ?
ስታይስ ፀሐይዋ ከፊትህ ነበረች ከኋላህ?»
ያየውን ወደ ቀኝ፣ የሰማውን ወደ ግራ፣
ዘመድ የሆነውን ከዛፉ ማዶ፣ ከከብቱ ጋራ፤
ቢምልም። ቢያለቅስም።

እኔም ያንን ገጽ አቆምኩት።
«የት ነበርክ?» አልኩት።
ቆላ ነበርኩ አለኝ፣ ከባሕር ዳርቻ፣ አየር ከሚተርፍበት፤
ጥቂት ልጆች ቆጠርን፤ የቀረውን ሊቃውንት ተስማሙበት።
መንዝን አያውቅም። ጓሳን አልወጣም።
እዚህ የጤነኛ ደም ስንት እንደሚል አልጠየቀም።

መለኪያውን ጣቴ ላይ ሰካሁ፤ ዘጠና አንድ።
እናቲቱ፣ ዘጠና። ዘበኛው ተክለወልድ
ጣቱን ሊሰጠኝ አመነታ፣ «ደም ይቀዳል?» ብሎ፤
ሰማንያ ዘጠኝ። ቆሟል ይኸው፣ ጠብመንጃው ትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ።

ሦስት ጣት ጥናት አይባልም።
ሲሊንደሩም አንድ ነው፣ መርፌው ከግማሽ አያልፍም፤
አምቡላንሱ ለጎማ ደብረ ብርሃን እንደሄደ አልተመለሰም።

«ምን ይላል መጽሐፉ?» አለች።
«ስጠው ይላል። ግን ራሱም እርግጠኛ አይደለም።»
ዝም አለች። የመንዝ ልጅ ናት፣ ሙግት ታውቃለች።
«እሱ ሩቅ ከነበረ፣ አንተስ ቅርብ አይደለህ?» አለች።

ባናውን ገለጥኩ።
ሥጋው በጎድኑ መሐል ወደ ውስጥ ሲሰረጉድ፣
አፍንጫው እንደ ወናፍ ሲከፈት፣ ሲከደን፣
ይህን አየሁ። ቁጥሩን አይደለም፤ ይህን።
ቧንቧውን ከፈትኩ።

ሊነጋጋ ሲል ልጁ ቱቦውን ገፍቶ ጡት ፈለገ።
እናቱ እልል ልትል ነበር፤ የተኙትን አይታ ተወችው።
ይህም ማስረጃ አይደለም፤ አንድ ልጅ ነው፤
ያለሱስ ይድን ነበር? እማኝ የለኝም።
ቁጥሩን መዝገብ ላይ ጻፍኩ፣ ሦስቱን ጣቶች ከኅዳጉ ላይ፣
ርእስ በሌለው ዓምድ።
መርፌው ሩብ ላይ ቆሟል።
ከበሩ ውጭ ሌላ ሳል፤
ተክለወልድ «ግቡ፣ ግቡ» ሲል።