እፍኝ ሩዝ

በሚዞራም ተራራ፣ ጉም ደጅ በሚያድርበት፣
አንድ ልማድ አለ በየሰዉ ማጀት፤
ጥሬው ድስት ሳይገባ አንድ እፍኝ ይነሣል፣
ለጌታ ነው ተብሎ ከረጢት ይገባል።

ያን ሩዝ የምሰፍር፣ መዝገብ የምይዝ
እኔ ነበርኩ፤ ወጣት፣
ጸሎቴ ረጅም፣ ድምፄም ሙሉ ወንዝ።
አርባ ሦስት ቆርቆሮ ተሰፍሮ ሲሞላ
አርባ ብዬ ጻፍኩኝ፤ ሦስቱን ወደ ኋላ።
ሦስቱ ለጣራዬ፣ ለሚስማር፣ ለቀለም፤
መዝገቡ ዝም አለ። የጠየቀኝም የለም።

ለሽምግልና ልሾም ሳምንት ሲቀረኝ
ፓስተር ህራንግኪማ «ና እንሂድ» አለኝ።
ከረጢት ይዘን ወረድን በዝናብ ደረጃ፤
ክስ የለ፣ ቁጣ የለ፣ የለ አንዳች ማስረጃ።

ዳርሉዋይ ቤት ደረስን፤ መበለት ናት፣ ብቻዋን።
ውኃው ይንተከተካል፤ አየሁት ድስቷን።
ሁለት እፍኝ ነበራት፤ አንዱን ወደ እኔ አምጥታ
ከረጢቴ ጨመረች፤ «አነሰ፣ ይቅርታ።»

ደጃፏን ሳንርቅ ጉልበቴ ከዳኝ፤
«ሦስት ቆርቆሮ...» አልኩት።
«አውቃለሁ» አለኝ።
«ሦስት ወር ቆጥሬ፣ ሦስት ወር ጠበቅሁህ፤
ምላስህ ተምሯል፤ ገና ነው ልብህ።»

በጉባኤው ፊት ቆምኩ፤ ሹመቱም ቀረ፤
የጣራዬ ቆርቆሮ ለዕዳ ተቆጠረ።
አምስት ክረምት ሙሉ ከረጢት ተሸካሚ፣
ሰባኪ ሳልሆን የእፍኝ ድምፅ ሰሚ።
ሩዝ ጨርቅ ላይ ሲወርድ ቀስ ያለ ነው ድምፁ፤
ዛሬም ይሰማኛል፣ የመዝገቡ ሲገለጥ ገጹ።

አሁን ሽማግሌ ነኝ፤ እሱ ግን አልፏል።
ጣራዬ ዛሬም ሳር ነው፣ ሲዘንብ ያፈሳል።
ሁለቴ፣ ሦስቴ የምቆጥር
ሰው ተጠራጥሬ አይደለም፤
አውቀዋለሁና የጣቶቼን ነገር።