ማንሣት

ሥራዬ ማስደንገጥ ነው። የዓሣ ኩሬ ዘበኛ ነኝ፤
ከቤት ሻን ቁልቁል፣ በዮርዳኖስ በኩል፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የምገኝ።
ጥይት አልያዝኩም፤ የያዝኩት ጩኸት፣
ተቆጥሮ የሚሰጥ፣ ሃያ ለአንድ ሌሊት።
ዓሣው የዞሃር ነው፣ ሰማዩ የማንም፤
ወፍ ግን ይህን ውል አንብቦ አያውቅም።

በጨለማ ወፍ አይታይም። ውሃው ላይ ያረፈ ሁሉ
የተጣለ ጆንያ ነው፣ የድንጋይ ክምር ነው መልኩ።
ጧ! ሲል ነው ጆንያው ክንፍ የሚያወጣ፣
ጊልቦዓ ጫፍ ላይ ገና ብርሃን ሳይመጣ።
ያኔ ስልኬን መዝዤ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣
ባሩድ ባሩድ እየሸተተ ጣቴ፣
ዳግም አነጣጥራለሁ፤ ይሄኛው ድምፅ የለውም።
ለሕንጻችን ሰው እልከዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ የሚተኛ የለም።

«እርኩም ነው» ይላል ባይነሣኝ ከአራተኛ ፎቅ።
«ምን እርኩም! ይብራ ነው፤ እኔ ነኝ የማውቅ፣
ተከዜ ዳር ስንት ዘመን አብሬው የኖርኩ!»
ዝማም ናት፣ ከምድር ቤት፣ በድምፅ መልእክት፣
ከኋላዋ የልብስ ማጠቢያው እያጓራባት።
የልጅ ልጇ ሂላ ትገባለች መሐል፦
«ሳክናይ ነው እኮ። ሳክ ማለት ከረጢት፤
ጉሮሮው ሥር፣ አያችሁ? እዚያ ነው ዓሣው የሚገባ።»
እንዲህ አንድ ወፍ በሦስት ስም ይጠራል፤
በማናቸውም ቢጠሩት ዞሮ አያይም፣ ይበራል።

ሌላውም ይልካል። አውቶቡስ ነጂው ፈንቴ
«ያለ ቲኬት የቆመ» ብሎ ቀበሮ ከፌርማታ፤
ባይነሣኝ ሽኮኮ፣ አጥር ላይ፣ ሆዱን ለፀሐይ ሰጥቶ፤
አንዷ ደግሞ ምንም ያልሰፈረበት የመብራት ሽቦ፣
ከሥሩ «አሁን ነበረ» ብላ ጽፋ።
ከሁሉ እሱን ወደድኩት።

«ዛሬስ ስንት አነሣህ?» ይሉኛል ማታ፣ ደጃፍ ስንገናኝ።
«ሁለት መቶ» እላለሁ። ማንም ውሸታም አይለኝ፤
አማርኛ አዘነልኝ፣ ሁለቱንም ሥራዬን
በአንድ ቃል ጠቅልሎ ሸፈነልኝ ጉዴን።
አነሣኋቸው። አዎ። ከቁርሳቸው አነሣኋቸው፣
ከዳኑብ ማዶ ክንፋቸው ሥር ይዘው ከመጡት እንቅልፋቸው።

ሂላ ግን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ አማርኛዋ ሰባራ፤
ሥዕሎቹን በጣቷ እየገፋች፣ እንደ ሒሳብ ሥራ፣
«ጋሼ፣ ለምንድነው ሁሉም ጀርባቸውን የሚሰጡህ?
አንዱ እንኳ አንተን አያይም። ምን አድርገሃቸው ነው?» አለችኝ።
አሳንሰሩ መጣ። ገባሁ።
የእኔ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፤
አራተኛን ተጫንኩ።

በማግስቱ ሃያው ጩኸት ኪሴ ውስጥ ዝም ብሎ አደረ።
ሸምበቆው ሥር ተቀመጥኩ፤ ብርዱ ከጉልበቴ ጋር መከረ።
ጊልቦዓ ቀላ። ጆንያዎቹ አንድ በአንድ አንገት አወጡ፤
አንዱ ወደ እኔ ቀዘፈ፣ ሌሎቹ ከኋላው መጡ።
ዓይኑ ዙሪያ ሮዝ ነው፤
ይህን በአምስት ዓመት አላየሁም።
ከረጢቱን ሲዘረጋ፣ ውሃው ባገጩ ሲንጠባጠብ፣
የዞሃር ዓሣ በቢጫው ውስጥ ሲወራጭ፣
አየኝ። አልፈራኝም።
አነሣሁት፣
ሳላነሣው።

ሥዕሉ ደብዛዛ ነው፤ ጣቴ ጠርዙ ላይ ገብቷል።
ለሕንጻው ሰው አልላክሁትም፤ ለዞሃር የሚነግር እዚያ ሞልቷል።
ለሂላ ብቻ፣ በአያቷ ስልክ።
መልሷ ከትምህርት ቤት መልስ መጣ፣ ሦስት ቃል፣
ፊደሉ ዕብራይስጥ፣ ቋንቋው የእኛው፦
«አሁን ፊት አለው።»

ማታ ዞሃር ደወለ። «ስንት ተኩስ ተረፈህ?»
ቆጠርኩለት።