የቁልቁል ጨረታ

ሪቤይራ ወደብ ላይ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ፣
ሣጥኑ ሲደረደር፣ በረዶው ሲወጋ፣
እኔ ነኝ የምጠራ የዓሣውን ዋጋ።
ከላይ እጀምራለሁ፣ ቁልቁል ነው መንገዴ፤
«ሃምሳ፣ አርባ ዘጠኝ፣ አርባ ስምንት» ይላል ልማዴ፤
ከገዢዎች መሃል አንዱ «የኔ!» እስኪል፣
ቁጥሩ ከአፌ ወጥቶ ቁልቁል ይንከባለላል።

ልጄ ብራይስ የሚበላው ከዚችው ጉሮሮ፣
የቤቱም ኪራይ ከሷ ነው፣ የመብራቱም፤ ዘንድሮ
ጉሮሮዬ ራሷ ዘጋችብኝ ጉሮሮ።

ስድስት ጊዜ አበጠ፣ ዓመት ሳይሞላው፤
ምራቄን ስውጠው የዓሣ አጥንት ነው፤
ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ፣ እስከ ጆሮ ጥዝጣዜ፣
ሰባት ቀን ክኒን፣ ከዚያ ደኅና ለጥቂት ጊዜ፤
ከዚያ ደግሞ አንድ ማለዳ፣ መስታወት ፊት አፌን ከፍቼ፣
ያንኑ ነጭ ነጠብጣብ አየሁት፣ ተሰላችቼ።

መረብ ጠጋኟ ሳቤላ ሰምታ ሳቀች።
«በኛ ጊዜ ሐኪሙ ሐሙስ በአውቶቡስ መጣ» አለች፤
«አምስት ልጆች ነበርን፤ አንዱም ከሰልፍ አልወጣ፤
ያልታመመው ኤላዲዮ እንኳ፣ ‹ኋላ እንዳይቸግር› ተብሎ፣
ወንበር ላይ ታሰረ፣ በአንሶላ ተጠቅልሎ።
ባልዲው እግራችን ሥር። አይስክሬም እንሰጣለን አሉን፤
እስከ ዛሬ አልመጣም ያ አይስክሬም፤ ሸወዱን።»

እንጥሌ ዱብ አለ።

ዶክተር ኦቲሊያ ግን፣ ምላሴን በእንጨት ተጭና፣
«‹አ› በይ» አለች፤ ግራ ቀኙን አየች፣ መብራቷን አጠፋችና
ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።
«ስድስት ነው ያልሽኝ? በአንድ ዓመት ሰባት ቢሆን
መቁረጡን እናነሳ ነበር፤ አሁን አፋፉ ላይ ነን።
ነቅሎ ማውጣት አለ፤ ደጋግሞ መታመሙ ይቀራል በብዛት፣
ለትልቅ ሰው ግን ሁለት ሳምንት እሳት ነው፣ እሳት፤
ደም የሚመጣበትም አለ፣ ቁስሉ ቅርፊቱን ሲጥል።
ሽፋኑን ትቶ ውስጡን ብቻ መላጥም ይቻላል፤
ሕመሙ ይቀንሳል፣ ቶሎ ይሽራል፣
የተረፈችው ቅሪት ግን አንድ ቀን ትቆጣ ይሆናል።
ሦስተኛው መጠበቅ ነው፤ በጨው ውሃ መጉመጥመጥ፣
ሲያም ማስታገሻ መዋጥ፣
መቁጠር።»

«ብቆረጥ እንዴት ነው የምተኛው?» «ከአስር ወደ ታች ትቆጥሪያለሽ፤
ስድስት ላይ ሳትደርሺ እንቅልፍ ይወስድሻል፣ ትተኚያለሽ።»
ሳቄ መጣ፤ ሲያመኝ ተውኩት።
ቁልቁል መቁጠርማ ነው የሃያ ዓመት ሥራ፤
ግን እዚያ አልጋ ላይ ማነው «የኔ!» ብሎ የሚጣራ?

ያን ሳምንት ድምፅ አልነበረኝም። በጣቴ ሸጥኩ፤
እጄን አንስቼ፣ ጣቶቼን አንድ ባንድ አጠፍኩ።
ገዢዎቹ ተደናበሩ፤ ዝምታ ያስፈራል መሰለኝ፤
ሁለተኛው ጣቴ ሳይታጠፍ «የኔ!» ባዩ በዛብኝ።
ሳርዲን እንደዚያ ሳምንት ተወዶ አያውቅም፤
ኤቫሪስቶ ከጀልባው ላይ «ኡሺያ፣ አትዳኚ፣ ግድ የለም!»

አልተቆረጥኩም። ቀጠሮውንም አልሰረዝኩም ደግሞ፤
ወረቀቱ ማቀዝቀዣው በር ላይ አለ፣ በማግኔት ቆሞ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እነሳለሁ፣ ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጬ፣
ራሴን ወደ ኋላ ጥዬ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣ ተጉመጥምጬ፣
ያችን ትንሽ ባሕር መታጠቢያው ላይ እተፋለሁ።
ብራይስ በግድግዳው ማዶ፣ ከነእንቅልፉ፣
«ጀልባ መጣ?» ይላል።

ሰባተኛው ይመጣ ይሆናል፤ አይመጣም ይሆናል።
ቁጥሩ ስድስት ላይ ቆሟል፤ አዳራሹ ዝም ብሏል።
እጁን ያነሳ የለም እስካሁን።