የማልሰማው ፉጨት

ማክሰኞ ማታ ነው ራግና የጠራችኝ፣
«መጋዘን ውስጥ አንድ ነገር ያፏጫል» ያለችኝ።
«ነፋስ ነው» አልኳትና ጋዜጣዬን ገለጥኩ።
ኦርክኒ ላይ ተኖሮ ሌላ ምን ሊያፏጭ ነው?
እዚህ ደሴት ነፋስ ዛፉን ነቅሎ ጨርሶ፣
በየበሩ ስንጥቅ ያድራል አልቅሶ።

ረቡዕም መጣች፦ «እንደ ተቆጣች ዝይ
እስስስ ይላል፣ ቶርፊን፣ ተነስና እይ።»
«ዝይ የለንም» አልኳት።
ሐሙስ ምንም አላለች።
ሳህኑን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣
ከአፏ ይልቅ ትከሻዋ ነበር የሚቆጣኝ።

እውነቱን ልናገር፦
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በጀልባ ሞተር ጓዳ፣
ከናፍጣው ጢስ መሐል፣ ከፒስተኑ ዱላ፣
የጆሮዬ ቀጭን ክር ተበጥሶ አለቀ።
ወፍራሙን እሰማለሁ፤ በር ሲላጋ፣ ላም ስትጮህ፣ ቄሱ ሲያስነጥስ፤
ቀጭኑ ግን አይደርሰኝም፣
የወፍ ጫጫታ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት፣ የሕፃን እስትንፋስ።
ሐኪሙ የሰጠኝ መስሚያ መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።
መንደሩ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለን» ይለኛል፤
ዳባውን ማን እንዳለበሰው
አንድም ሰው አልጠየቀኝ፣ እኔም ለአንድም ሰው አልነገርኩ፣
ለራግናም ቢሆን።

ዓርብ ጠዋት ወረድኩ።
ነገ የሲግሪድ ሰርግ ነው፣ የእህቴ ልጅ።
አርባ ሊትር ቢራ በብረት በርሜል ሞልቶ፣
ከደሴቱ አሮጌ ገብስ፣ በእጄ በቅሎ፣ በእጄ ፈልቶ፣
ስድስት ሳምንት የታገሥኩት።
የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ተጋድማለች፣
እንደ ሰንበት ሰካራም ጭንቅላቷን ደፍታለች።
መርከቧ በማዕበሉ ከወደቡ አልወጣችም፤
አዲስ ሲሊንደር ከሰኞ በፊት አይመጣም፤
የቀረኝ አንድ ነው፣ እሱም ግማሽ ጎደሎ፤
ቀዳዳው ሳይገኝ ከከፈትኩት ያም ሊሄድ ነው ተንኖ።

ድምፅ ለማይሰማ ሳሙና ተፈጠረለት።
በጎድጓዳ ሳህን መታሁና በቀለም ብሩሽ ቀባሁት፣
ጋዙን ለፍለጋ ያህል ለአፍታ ለቀቅኩበት።
ክዳኑ ላይ ምንም። ቱቦው ላይ ምንም።
ከቫልቩ አንገት ሥር ግን
አንዲት አረፋ ብቅ አለች፤ አተር አከለች፣ እንቁላል አከለች፣
መስኮቱን ጎባጣ አድርጋ በሆዷ አሳየችኝ፣
ፈነዳች። ሌላዋ ተተካች።
ራግና ሦስት ቀን ያለችው ይኸው፣
በሳሙና ተጽፎ በዓይኔ አነበብኩት።

ግፊቱን አስተነፈስኩ። በእንግሊዝ ቁልፍ ፈታሁ።
ሞላው ደህና ነው። ጎሚኒው ግን፣ ወደ ብርሃን ሳነሳው፣
የፀጉር ያህል ተሰንጥቋል።
ከሞተር ዕቃ ሣጥኔ አንድ ልኩ ተገኘ፤
አሸተትኩት፦ ናፍጣ።
ሙሽራ ናፍጣ አትጠጣም።
ቀና ስል ራግና ደረጃው ላይ ቆማለች፣
የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮዋን ይዛለች፤
ከታች፣ ከቁልፎቿ ሥር፣
አምና ገዝቼ የረሳሁት ጎሚኒ ከነላስቲኩ።
«ነግሬህ ነበር» አላለችም።
ወይም ብላ፣ አልሰማኋት ይሆናል።

ቅባት አስነካሁት፣ ገጠምኩ፣ አጠበቅኩ፣ ጋዙን ከፈትኩ።
ሳሙናው እንደ ተቀባ ረጋ።
«ቆመ?» አልኳት።
ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከብረቱ አስጠጋች፣
ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ደረት አዳመጠች፣
ጣቷን አነሳችብኝ፦ ቆይ።
ፊቷን እያየሁ
የእሷን ዝምታ ከእኔ ዝምታ
ልለይ ሞከርኩ።
«ቆመ» አለ ከንፈሯ።

ማታ መሳቢያውን ከፈትኩ። ባትሪው ምስር ያህላል።
መስሚያውን ጆሮዬ ውስጥ ስከት ቤቱ በሙሉ ተንጫጫ፦
ወንበሩ፣ ሹካው፣ የራሴ ጉሮሮ።
ለቅምሻ የቀዳሁት ብርጭቆ አጠገቤ ነው፣
አረፋው ገና አልሟሟም።
«ራግና» አልኳት፣ «አንድ ነገር ያፏጫል።»
ሳህኗን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣
«ነፋስ ነው» አለች።