ይቅርታ ለጭድ

ከኦፋቂም ወዲያ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
መሬቱ እንደ ዱቄት፣ በሐሩሩ ነዶ፣
ሽምብራው ሁለት ቅጠል ገልጦ ብቅ ሲል፣
ኦስናት መጣች፣ ጭድ በትራክተር አስጭና፣ ስትል፦
«ቢያድግልኝ፣ ይህን አልብሰው ለማሳው፣
በየመስመሩ መሃል፣ አራት ጣት ውፍረት፣ ግንዱን ሳትነካው።»

ሳቅሁ። እኔ ያደግሁት ጭድ ሲከበር አይቼ፣
ከጭቃ ጋር ለግድግዳ በእግሬ ረግጬ፣ አቡክቼ፣
ማን አፈር ያለብሳል? ማንስ ለአረም ያነጥፋል ፍራሽ?
የላም ጉርሻ ነጥቆ ለድንጋይ አጉራሽ!

ደግሞም ገለባ ነው። ገለባ ማለት
በኛ አፍ ስድብ ነው፤ ፍሬ የሌለበት
ሰው ይባልበታል። እኔም ተብያለሁ፣
በፋብሪካው በር ላይ፣ በማላውቀው ቋንቋ፤
የሰውየውን ዓይን አይቼ ቃሉን ተርጉሜያለሁ።

«ሦስት መስመር ራቁቱን ተዪልኝ ለኔ፣
እናያለን» አልኋት፣ «ሲመጣ ሰኔ።»
ሰኔ አልሁ ከልማድ። በኛ ሰኔ ጭቃ፤
እዚህ ሰኔ ቆርቆሮ፣ ዝናብ ከፋሲካ ወዲህ በቃ።

በፋሲካው ማታ ልጄ ስታነብልን፣
ፈርዖን ጭድ ከልክሎ ጡቡን ሲጠይቀን፣
እጄ ላይ አየሁት፣ ጥፍሬ ሥር ተሰክቶ፣
አንድ ቀጭን ገለባ፣ በመብራቱ አብርቶ።
አልነቀልሁትም።

ሐምሲን ሰኔን አልጠበቀም። ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌት
ሰማዩ ቢጫ ሆነ፣ ጥርሳችን አሸዋ በላበት።
የኔ ሦስት መስመር አንገቱን ደፋ፣
መሬቱ ጣት የሚውጥ አፍ ከፈተ፣ ሰፋ።

ማንም ሳያየኝ፣ ገና ሳይነጋ፣
በጉልበቴ ሄድሁ ወደዚያኛው መስመር፣ ወደ ጭዱ አልጋ፣
ገለጥሁት በቀስታ፣ እንደተኛ ሕፃን ብርድ ልብስ፤
ከሥሩ ጠይም አፈር። ቀዝቃዛ። ርጥብ። የሚተነፍስ።
አንድ ትል ሸሸኝ፣ ብርሃን አሳፍሮት፤
የየካቲት ዝናብ እዚያው ነበር፣ ፀሐይ ቤቱን አጥታው፣ ጭዱ ደብቆት።

መልሼ ሸፈንሁት። ለኦስናት አልነገርኋትም ያን ቀን፤
እልህ አለብኝ፤ የጎንደር ሰው ነኝ፤ ጥቂት ይቆይልን።
ግን ከመጋዘኑ አንድ እስር አወጣሁ፣
በነዚያ በሦስቱ መስመሮች ላይ በተንሁ።
ዘግይቶ እንደሆን አላውቅም።
ስበትነው የሆነ ነገር አልሁት፣ በአማርኛ፤
ይቅርታ ሳይሆን አይቀርም።
የሰማ የለም፤ ሽምብራው እንኳ እንደተኛ።