አርቀህ ቆፍረው

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው» ይላሉ፣
«ማን እንደሚገባ አታውቀው» ይላሉ።
እኔ ግን በግንቦት፣ ቱሉ ዲምቱ ዳር፣
የየረር ራስ ገና በደመና ሳይጠቁር፣
ላምቤቦን ቀጠርኩት፤ አልኩትም አጥብቄ፦
«አርቀህ ቆፍረው!» የሚገባውን አውቄ።

የሚገባው ዝናብ። የጣራዬ ዝናብ።
የቀደመው ነሐሴ፣ ነገሩን ሳላስብ፣
ግቢዬን በሙሉ ሴራሚክ አንጥፌ፣
አንዲት ዘለላ ሣር ሳላስቀር ገፍፌ፣
አሸንዳውን በቱቦ ከበር አስወጣሁ፤
«ተገላገልኩ» ብዬ ተሸፍኜ ተኛሁ።
ውሃ ግን አይተኛም፤ ቁልቁለት ያውቃል፣
የሰው ደጅ ሳያንኳኳ ይዘልቃል።
ሲነጋ ሽታዬ ከታች ሰፈር መጣች፣
ጭቃ የጠጣ ደብተር ፊቴ ዘረጋች፤
የልጇ ሒሳብ ነው፤ ቀለሙ ተሟሟ፣
መደመር ከመቀነስ ባንድ ላይ ተስማማ።
«ውሃህ ደርሶኛል» አለች፤
ሌላ ቃል ሳትጨምር ሄደች።

የኔ መኝታ ቤት የሱ ማሳ ነበር፣
ሽምብራና ጓያ የሚዘራበት ምድር፤
ዛሬ የሰፈሩ የሌሊት ጥበቃ፣
ጉድጓዱን ሲያይ ኦቦ ጉርሜሳ ሣቀብኝ በቃ።
«መረሬ ነው፣ ልጄ፤ እኔን ጠይቅ ጠባዩን፤
በጋ አፉን ከፍቶ ሲለምን ሰማዩን፣
ሐምሌ ሲሰጠው ግን ከንፈሩን ይገጥማል፣
ጠጣ ስትለው ያብጣል፣ ያኮርፋል።
እዚሁ ካቆምከው፣ ከሦስት ሜትር ላይ፣
የትንኝ ቪላ ነው የሠራኸው፤ አታይ?»

ላምቤቦ ወረደ። አራት ሜትር። አምስት።
ጥቁሩ ካካፋው አልላቀቅ ሲልበት፣
በሀዲይኛ ሰደበው፣ በአማርኛም ደገመው።
ሰባት ላይ የዶማው ድምፁ ተቀየረ፣
መለጠፍ ትቶ መንኮሻኮሽ ጀመረ፤
«ቀይ አሽ!» አለ ከታች፤ እፍኝ ወረወረ።
አንድ በርሜል ውሃ ለቀቅንበት፣ ጠጣ፤
ሌላ ደገምንለት፣ ድምፅ ሳያሰማ ጠጣ።
ዙሪያውን ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ ደረደርን፣
ከታች ጠጠር ነስንሰን ከላይ ክዳን ጫንን።

ሰኔ ሠላሳ፣ ሰማይ ከየረር ተናደ፣
ቆርቆሮው ጮኸና አሸንዳው ነጎደ።
ክዳኑ ሥር ያለውን በዣንጥላ ሆኜ አዳመጥኩ፣
ምድር ስትውጥ፣ ስትውጥ፣ ስትውጥ አዳመጥኩ።
ስልኬ ጠራ፤ «ሽታዬ» ይላል፤ ደነገጥኩ።
«እናንተ ጋ አልዘነበም እንዴ?» ስትለኝ፣
እዚያው ቆሜ ሣቄ መጣ፣ እንባም ቀደመኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ግጥሙ ያምር ነበር።
ግን ዘርጋው፣ ጎረቤቴ፣ ከኔ አጥር ሥር፣
የሽንት ቤት ጉድጓድ አለው፤ ስምንት እርምጃ።
መቶ አምስት ካሬ ላይ ወዴት ያሽሸው? እንጃ።
ታች ምንጭ አለ፤ ጉርሜሳ በሬውን ያጠጣበት፣
ዛሬ በቢጫ ጀሪካን ሴቶች የሚቀዱበት።
የኔ ንጹሕ ውሃ በጨለማ ሲሄድ፣
የሱን ቆሻሻ ይዞ ይሆን የሚወርድ?
«ምንጩ ጨምሯል» አሉኝ ዘንድሮ በደስታ፤
«ምን ጨምሮ?» እያልኩ አድራለሁ ማታ ማታ።
ጎርፍስ ይታይ ነበር፤ ደብተር ይዞ ይመጣል፤
ይሄኛው ቢበድል ማን ከሳሽ ይመጣል?

ሁለት ክረምት ሄደ። ደለሉ ከፍ አለ፤
በሰዓት ይውጥ የነበር ሁለት ቀን ዋለ።
ላምቤቦን ጠራሁት። ሻማ አስሮ በገመድ፣
አስቀድሞ ላከው፣ አየሩን ሊፈትን ሳይወርድ።
ሻማው አልጠፋም። ባልዲውን ያዘና ወረደ።
አናቱ ጠበበ፣ ጠቆረ፣ ከዓይኔ ሄደ።

ገመዱ በእጄ ነው። ሰው ሲወርድ ይከብዳል።
«ማን እንደሚገባ» ያሉት ይሄ ኖሯል፤
ዝናቡን ቆጥሬ፣ እሱን አልቆጠርኩም።
«ያዝ!» ይላል ከታች፤
«ይዣለሁ» እላለሁ፤
በሁለት እጄ ይዣለሁ።